ሀገር በቀል እውቀት ምንድን ነው? «ሥርዓት» የምትለዋን ቃል የት ጣልናት?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የተዘጋጀ ረቂቅ እቅድ ይቀርባል። ረቂቁ ላይ «ሀገር በቀል እውቀት» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግሁ ቆጠርኩ። 23 ጊዜ። ከኋላው የሚከተሉት ግሦች ሁሌም ሁለት ናቸው፤ «መሰብሰብ» እና «መሰነድ»።

ከሻይ በኋላ አንድ ተናጋሪ ተነሱ። «አባቶቻችን ተፈጥሮን ይወዱ ነበር። እኛ ፍቅሩን ረሳነው። ወደ ፍቅሩ ከተመለስን ደኑም ይመለሳል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ አንድ አስተያየት ሰጪ የአየር ንብረት ለውጥን የሚመለከተውን የፓሪስ ስምምነት ጠቅሶ ጽፎታል። ብዙ ሰው ወዶለታል፣ ተቀባብሎታል።

እኔ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ከወገራ እስከ ደንቢያ ማሳ ለማሳ ስዞር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቃሉ እንዲህ ሲንገላታ ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ የምችለውን ያህል ልጻፍ።

የአየር ንብረት ለውጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን አላነሳም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ክረምት ላይ ዳባት ወጥቶ ገበሬ ይጠይቅ። በቀጥታ ወደ ቃሉ ልግባ።

እኛ የመሬትና የደን ሰዎች «ሀገር በቀል» የምንለው ዛፍን ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ ሀገር በቀል ናቸው። ባሕር ዛፍ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። ቃሉ ከዛፍ ወደ እውቀት ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ «ሀገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ» ሲባል ሰማን። ችግሩ፣ ቃሉ በተሻገረ ቁጥር የዛፉን ምስል ይዞ መሄዱ ነው። ዛፍ በቅሎ ይቆማል። የፈለገ ሰው ሄዶ ፍሬውን ይለቅማል። እውቀቱንም ሰዎች እንደዚያ ያስቡታል። የሆነ ቀበሌ ውስጥ በቅሎ፣ ከሽማግሌዎች አፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ለቃሚ የሚጠብቅ ይመስላቸዋል።

እኔ ቃሉን የምረዳው በአራት ነገር ነው። አንድ ሕዝብ ስለሚኖርበት መሬትና ውሃ የሚያየው ምልክት አለ። ምልክቱን አይቶ የሚወስደው እርምጃ አለ። እርምጃውን የሚያዝ ሰው ወይም ጉባኤ አለ። ያልታዘዘውን የሚቀጣ ደንብ አለ። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሀገር በቀል እውቀት ይባላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ የያዘ ጥሩ ትዝታ ይዟል። ረቂቃችን የያዘው እነዚያን ሁለቱን ነው።

እርሾን አስቡ።

እናታችን ሊጥ አቡክታ ስትጨርስ ከቡሃቃው ግርጌ ትንሽ ታስቀራለች። ያቺ ትንሽ ነገር የሚቀጥለውን ሳምንት እንጀራ ታስነሳለች። እርሾ ከቤት ቤት ይዋሳል። ጎረቤት ሲያልቅባት በጣሳ ይሰጣታል። ግን ማንም እርሾ በጠርሙስ አሽጎ ለልጅ ልጅ አያወርስም። የሚኖረው ስለሚቦካበት ነው። ደግሞ ያው እርሾ ደባርቅ ላይ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መተማ ላይ በሙቀቱ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስንት ቀን ይቆይ፣ ከላይ ያቆረውን ውሃ መቼ እንድፋ፣ አብሲቱን መቼ እንጣል የሚለውን የምትወስነው ምጣዱ አጠገብ ያለችው ሴት ናት። ሊጡን ታሸታለች፣ ታያለች፣ ትወስናለች።

አሁን አንድ ባለሙያ መጣ እንበል። እርሾዋን በብልቃጥ ቀድቶ ወሰደ። የመቡካቱን ሰዓት ጻፈ። አብሲቱን ለካ። ሰነዱን አሳትሞ መደርደሪያ ላይ አኖረ። በዚያው ወር ግን ሌላ መሥሪያ ቤት መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት መጋገር አይቻልም፤ እንጀራ ከማዕከል ይመጣል» አላት። እርሾው ሁለት ሳምንት አይቆይም። መደርደሪያው ላይ ያለው ወረቀት ግን ዓመታት ይቆያል። ከዚያ የሚያነበው ሰው «እናቶቻችን እንጀራ ይወዱ ነበር፣ እኛ ፍቅሩን ረሳነው» ይላል።

ቡሃቃው የማን ነው? ዱቄቱን ማን ይሰፍራል? መቼ ይጋገር የሚለውን ማን ይወስናል? ስለ እርሾ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ስለ መሬትም እንዲሁ።

ከማሳ የወሰድኩትን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ወገራ ተዳፋት ላይ ነው፤ ሐምሌ መጀመሪያ። አንድ ሽማግሌ ዘራቸውን ዘርተው ፈሰስ ሊያወጡ በሬዎቻቸውን ጠምደዋል። ፈሰስ የሚባለው ትርፍ ውሃ ከማሳው እንዲወጣ በማረሻ ሰያፍ የሚቀደደው ቦይ ነው። ማረሻው መሬት ከመንካቱ በፊት ሽማግሌው ማሳውን ባዶ እግራቸውን ሄዱበት። ጭቃው የት እንደሚሰምጥ ተረከዛቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ቆም አሉና ከታች ያለውን ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

«አንተ! ውሃውን በወይራዋ በኩል ላውርደው ወይስ በድንበሩ?»

ከታች ያለው ሰውዬ ዞሮ የራሱን ማሳ አየ። «በድንበሩ ይሁንልኝ አያ። በወይራዋ በኩል አምና ቦረቦር ከፍቶብኛል» አለ።

በሬዎቹ የተንቀሳቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነገር ስሰንድ የጻፍኩት የቦዩን ጥልቀት፣ በቦይና በቦይ መካከል ያለውን ርቀትና የተዳፋቱን መጠን ነው። ጥሪውን አልጻፍኩትም። ጥሪው ወሬ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው እውቀቱ ያለው እዚያ ጥሪ ውስጥ ነው። ላዩ ውሃውን የሚለቀው ታቹን አስፈቅዶ ነው። ካላስፈቀደ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፈሰስ ቅዱስ ነገር አይደለም። ቁልቁለቱ ከበዛና ብዙ ፈሰሶች አንድ ቦታ ከተገናኙ አፈር ጠርገው ቦረቦር ይወልዳሉ። በጣና ተፋሰስ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። «ሀገር በቀል» ስለተባለ ብቻ ጥሩ ነው የሚል ሰው ክረምት ላይ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ይውጣ። ግን ተቃራኒውንም አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ዋልካ አፈር ላይ ደረጃውን የጠበቀ እርከን በዘመቻ አሠራ። ዋልካ ውሃ ይይዛል። መውጫ አልነበረውም። ሰብሉ ቢጫ ሆነ። ገበሬዎቹ ሌሊት ወጥተው እርከኑን ቀደዱት። ሪፖርቱ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ተጻፈ። እነዚያ ሰዎች ግን የት እንደሚቀዱት በደንብ ያውቁ ነበር። ያልነበራቸው አስቀድሞ የመናገር ሥልጣን ነው።

«ፍቅሩን ረሳነው» ለሚለው ሰው ከመንዝ የተሻለ መልስ የለም። የመንዝ ጓሳ፣ የሰሜን ሸዋው ደጋ የሣር ምድር፣ ከጎንደር ሩቅ ነው፤ ግን ነገሩ የእኛም ነው። እዚያ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳ ሣሩን የሚጠብቅ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። በቅርቡ ከሰማነው የወጣቶች ስም ጋር አይምታታባችሁ። አካባቢው አስቦና ጌራ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመረጥለት ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት፣ አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ጌሳ ይሆናል። ተደብቆ ያጨደ ይቀጣል። ቅጣቱ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። «መሬት ለአራሹ» የብዙ ሰው እንባ ያበሰ አዋጅ ነው፤ ያንን አልክድም። ግን ቄሮም የተመሠረተበት የርስት ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣኑ ከባለቤቶቹ ወጣ። ጓሳው ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ተጋጠ፣ ታጨደ፣ ሳሳ። የመንዝ ሰው በ1968 ዓ.ም. ስለ ሣሩ የሚያውቀው በ1966 የሚያውቀውን ያህል ነው። ፍቅሩም በአንድ ዓመት አልጠፋም። የጠፋው ሦስተኛውና አራተኛው ነገር ነው፤ የሚያዝ ሰውና የሚቀጣ ደንብ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ ተደራጅቶ በአዲስ መልክ ጠባቂና መተዳደሪያ ደንብ ሲያበጅ ጓሳው አገገመ። ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ አለ።

የቤተ ክርስቲያን ደንም እንዲሁ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ገብቶ የጥዶቹን ጥላ ያየ ሁሉ «ሃይማኖቱ ዛፍ ያስወድዳል» ይላል። እኔም አማኝ ነኝ፤ ጥላው ስር ቆሜ ያደግሁ ነኝ። ግን ያው አማኝ የራሱን ማሳ ዳር ዛፍ ቆርጦ ይሸጣል። ቅጥሩ ውስጥ ያለውን የማይቆርጠው ቅጥሩ ድንበር ስላለው፣ ሰበካ ጉባኤው ስለሚያዝበት፣ ቢቆርጥ የሚያፍርበት ጎረቤት ስላለው ነው። በጎንደር ዙሪያ የቅማንት ማኅበረሰብ ለአምልኮ ያቆያቸው የዛፍ ሥፍራዎችም ከዚህ የራቁ አልነበሩም። ቦታው የተለየ፣ ባለሥልጣኑ የታወቀ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ያ ሁሉ የተረፈው በዙሪያው ያለው ሲራቆት ነው። ነገር ግን ከዚያው ጥናት ወገን ሌላ ዜና አለ፤ ለዚህ ማንም አያጨበጭብም። አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ የዛፍ ዘር በጣም ጥቂት ነው፤ ከብት የገባበት ደን ደግሞ ችግኝ አያሳድግም። ትልልቆቹ ጥዶች ሲወድቁ የሚተካቸው ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው በአንዳንድ ቦታ ካህናቱና ምእመናኑ ድንጋይ ለቅመው ካብ የካቡት። ካቡ አዲስ ነው፤ ጥንታዊ አይደለም። ግን ውሳኔው የእነሱ ስለሆነ ያን ካብ ሀገር በቀል እውቀት ብዬ ብጠራው አላፍርም።

አሁን ወደ አስተያየት ሰጪያችን። የጠቀሰው የፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 5ን ነው። «ሳይንስና ባህላዊ እውቀት አብረው ይሂዱ ይላል» ብሎ አሳጠረው። ጽሑፉ ግን ለውጡን የመላመድ ሥራ የተሻለውን ሳይንስ፣ እንደ አግባቡም ባህላዊ እውቀትን፣ የቀደምት ሕዝቦችን (በምድራቸው ከሌላው በፊት የነበሩትን) እውቀትና አካባቢያዊ የእውቀት ሥርዓቶችን መሠረት ያድርግ ነው የሚለው። ሥርዓቶችን! ቃሏ እዚያው ተቀምጣለች። ወደ አማርኛ ስትመጣ ትጠፋለች። «እንደ አግባቡ» የምትለዋም አብራ ትጠፋለች። እሷ ደግሞ ለመንግሥታት የተተወች በር ናት። አግባብ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የዓለም ቀደምት ሕዝቦች ይህን በር ስለሚያውቁት ነው ወንበር የጠየቁት። በ2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የአካባቢ ማኅበረሰቦችና ቀደምት ሕዝቦች መድረክ እንዲቋቋም ተወሰነ። በ2018 እ.ኤ.አ. ፖላንድ፣ ካቶዊስ ላይ መድረኩን የሚመራ 14 አባላት ያሉት ቡድን ተመሠረተ። ሰባቱ ከመንግሥታት፣ ሰባቱ ከቀደምት ሕዝቦች። እኩል በእኩል። «እውቀታችንን ሰብስቡልን» አላሉም። ሲወሰን እንኑር ነው ያሉት። ከዚያ በፊትም በ2007 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቀደምት ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በ144 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ሲጸድቅ፣ ከመሬታቸው ላይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነፃነትና በቂ መረጃ አግኝተው የመስማማት መብት ተጽፎ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያ ድምፅ አሰጣጥ ላይ አልተገኘችም።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቀደምት ሕዝቦች» እና «የአካባቢ ማኅበረሰብ» አንድ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤም በ2022 ሪፖርቱ የቀደምት ሕዝቦችን እውቀትና የአካባቢ እውቀትን ለይቶ ነው የጻፈው። የዳባት ገበሬ እውቀቱ የአካባቢ እውቀት ነው ብል ይቀለኛል። ምክንያቱም በእኛ ሀገር «ነባር ማን ነው፣ መጤ ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ሰው አሳድዷል፣ ሰው ገድሏል። የዘር ሐረግ እየቆጠሩ የአየር ንብረት ፖሊሲ መጻፍ አደገኛ ነው። መሬቱን የሚጠብቀውና ሲጎዳ የሚራበው ማን ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ሕጉም ትንሽ መንገድ ከፍቷል። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የይዞታ ዓይነት አድርጎ ያውቀዋል። ረቂቃችን ውስጥ ይህ አዋጅ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

ስሜንን ሳላነሳ አላልፍም። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ግጦሹ በዝቶ ነበር፤ ተዳፋቱ ላይ የሚታረሰው ገብስ አፈር ያስሄድ ነበር። ይህን የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ እዚያው ስሜን፣ ጅንባር ላይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለክቶ አሳይቷል፤ በሙያዬ የምቀበለው ነው። ስለዚህ «ገበሬው ቢተው ኖሮ ሁሉም ደህና ነበር» አልልም። ግን መንደር ሲነሣ አብሮት የሚነሣውን ማንም አይለካም። ብርዱን በጅብራው፣ በደጋው ረጅም ተክል፣ ላይ የሚያነብ እረኛ አሁን ደባርቅ ከተማ ነው። የሚያነብበት ጅብራ አጠገቡ የለም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። እውቀቱ የቆመ ይመስለናል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። አስተያየት ሰጪው ይህን «የአባቶቻችን የአየር ትንበያ» ብሎ አቅርቦታል፤ ዘንድሮም እንድንጠቀምበት ይመስላል። አንድ የደንቢያ ገበሬ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ቡሄ ቀኑ አይንቀሳቀስም። ዝናቡ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ዘንድሮ ከቡሄ ስንት ቀን አለፈ እያልኩ እቆጥራለሁ።» ለእሳቸው አባባሉ መለኪያ ነው። ለውጡን የሚለኩበት ክር ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ የሽምብራቸውን መዝሪያ ቀን ያዛውራሉ።

መሰነድን ጨርሶ አልቃወምም። ጤፍ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ። ባለቤቱ የተጻፈበት ሰነድ ያኔ ይጠቅማል። ባለቤቱ ያልተጻፈበት ሰነድ ግን ለወሳጁ ይመቻል።

ደግሞም ሥርዓት ሁሉ ፍትሐዊ ነው ብዬ እንዳትረዱኝ። እዚያው ወገራ፣ ከሁለቱ ሰዎች ማሳ በታች ሌላ ማሳ አለ። የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው። የይዞታ ደብተሩ በስሟ ነው። በሬ ስለሌላት መሬቱን በእኩል ሰጥታዋለች። ስለ ውሃው ሲጠራሩ የሚጠራው እኩል አራሹ ነው። እሱ ደግሞ የራሱ ማሳ ከላይ ስላለ ውሃው ወደ እሷ ቢወርድ አይከፋውም። የሦስት ማሳ ውሃ ተሰብስቦ እሷ ላይ ያርፋል። ቦረቦሩ ጓሮዋ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ቀርቶታል። ስጠይቃት «ሽማግሌ ሲቀመጥ እኔ ቡና አፈላለሁ፤ ማን ጠይቆኝ?» አለችኝ። ሥርዓቱ አለ፤ እሷ ግን ውስጡ የለችም። ሥርዓቱ መኖሩን ያላየ ባለሙያ ይህንንም ጉድለቱን አያየውም። ፍቅር ሲሰበስብ ከርሞ ይሄዳል።

ረቂቁ ላይ አስተያየቴን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። እቅዱ ሠንጠረዥ አለው፤ ተግባር፣ በጀት፣ ጊዜ፣ ፈጻሚ። እኔ ሁለት ዓምድ ይጨመር አልኩ። አንዱ «የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው?» ሌላው «ሲወሰን ያልተጠራው ማን ነው?» ናቸው። «ሀገር በቀል እውቀት» የሚለው ቃል ደግሞ እነዚህ ሁለት ዓምዶች ባልተሞሉበት ረድፍ ሁሉ እንዲሰረዝ ጠይቄያለሁ። ከ23ቱ በእኔ ግምት አራቱ ይተርፋሉ። ተሻሽሎ ለሐምሌ ይመለሳል ተብሏል።